የግንባታ ሥራ ሲበዛ የአርኪዮሎጂ ሥራ ዋጋ እንዴት ይተመናል?

ቦርከና (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁም። በአርኪዮሎጂ ተመርቄ ኮምቦልቻ የምሠራ ባለሙያ ነኝ። አንድ አማካሪ ድርጅት ለመጋዘን ግንባታ በተያዘ ቦታ ላይ የቅርስ ዳሰሳ፣ አስፈላጊ ከሆነም የሙከራ ቁፋሮ እንዳካሂድ ጠይቆኝ፣ ለሁሉም አንድ ቁርጥ ዋጋ እንዳቀርብ ይፈልጋል። ግንባታው በርክቶ የሲሚንቶው፣ የግንበኛውና የማሽን ኪራዩ ዋጋ ሲንር የእኛ ክፍያ ባለበት መቆሙ ያሳዝነኛል። ሥራ ሲበዛ የባለሙያ ዋጋ አብሮ መጨመር አልነበረበትምን? ከመሬት በታች ያለውን ሳላውቅስ ቁርጥ ዋጋ መስጠት ይገባኛልን?

የጦሳ ልጅ
የደሴ ልጅ ነኝ፤ የምሠራው እንግሊዝ አገር በዚሁ ሙያ ነው። እዚህ እ.ኤ.አ. ከ1990 ወዲህ የአርኪዮሎጂውን ወጪ የሚሸፍነው ግንባታውን የሚያካሂደው አካል ሲሆን ሥራው የሚሰጠው በአብዛኛው በዋጋ ውድድር ነው። ገንቢው የሚፈልገው ዕውቀቱን ሳይሆን ቦታው ነፃ ሆኖ ሥራ መጀመሩን ስለሆነ ወደ ርካሹ ያደላል፤ ድርጅቶቹም ገበያው በቀዘቀዘበት ወቅት በተዋዋሉት ዋጋ ታስረው፣ ሥራው ሲጦፍ ለቆፋሪው የሚጨምሩት ያጣሉ። ከለንደን ወደ በርሚንግሃም በሚዘረጋው ፈጣን የባቡር መስመር ላይ ከ1,000 በላይ አርኪዮሎጂስቶች ተሠማርተው እንኳ የሙያው ደመወዝ ከሌሎች የግንባታ ሙያዎች በታች ነው። ዋጋ ሲጠብ መጀመሪያ የሚቀነሰው ከቁፋሮ በኋላ ያለው ሥራ ነው፦ የሸክላ ስብርባሪውን ማጠብ፣ በየከረጢቱ የጉድጓዱንና የአፈር ንብርብሩን ቁጥር መጻፍ፣ መሳል፣ ዘገባ ማዘጋጀት። ይህን ለብቻው ተምነው ያቅርቡ፤ ካልተለየ ማንም አይከፍልዎትም።

መሐንዲስ ከኮምቦልቻ
ለዳሰሳው፣ የቦታው ስፋት ስለሚታወቅ፣ ቁርጥ ዋጋ ይስጡ። ለቁፋሮው ግን በቀንና በሰው የሚታሰብ ነጠላ ዋጋ አቅርበው አሠሪው በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ ፕሮቪዥናል ሰም፣ ማለትም መጠኑ አስቀድሞ ላልታወቀ ሥራ የሚያዝ ግምታዊ ገንዘብ፣ እንዲይዝ ይጠይቁ። ከተቃወመ የቆመ ኤክስካቫተርን ሒሳብ ያሳዩት፤ ማሽኑ ቢቆምም ኪራዩ፣ የኦፕሬተሩ አበልና የጥበቃው ደመወዝ አይቆሙም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 አንቀጽ 41 መሠረት በግንባታ ቁፋሮ ቅርስ ያገኘ ሰው ሳይነካካ ጠብቆ ለቅርስ ባለሥልጣኑ ማሳወቅ ግዴታው ነው። ውሉ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የፊዲክ ቀይ መጽሐፍ (ዓለም አቀፍ የግንባታ ውል ናሙና) የተመሠረተ ከሆነ ደግሞ አንቀጽ 4.24 ለተቋራጩ የጊዜ ማራዘሚያና የወጪ ካሳ የመጠየቅ መብት ስለሚሰጠው፣ መዘግየቱ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው በአሠሪው ኪስ ላይ ነው።

አዝዋ ገደል
በመሐንዲሱ ሐሳብ እስማማለሁ፤ ሆኖም ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ የሙከራ ቁፋሮም ቢሆን ስለማይፈቀድ፣ ፈቃዱ እስኪወጣ የሚጠበቅበትን ጊዜ ከሥራ ቀናት ለይተው በውሉ ያስፍሩ። የቀን ሠራተኞቹንም አይርሱ። የጥንት ሰፈር ምልክት ሊሆን የሚችል አመዳም አፈር ሲያዩ አካፋቸውን አስቀምጠው በመጥረጊያና በትንሽ መኮስተሪያ ቀስ ብለው የሚሠሩ ሰዎች ክፍያቸው መሠረት ከሚቆፍረው ሊያንስ አይገባም፤ ካነሰ በማግስቱ ትተው ወደ ሕንፃው ሥራ ይሄዳሉ፣ ያስተማሯቸውም ሙያ አብሮ ይሄዳል።