ሆንግ ኮንግን በእግር ለማየት እሁድን ምረጪ

ጥያቄ ከዱባይ፦ ሰላም ቤተሰብ። ለዕቃ ወደ ጓንዡ ልሄድ ነው። ሆንግ ኮንግ ላይ አንድ ቀን አርፋለሁ፣ ቅዳሜ ወይ እሁድ። በእግሬ ዞሬ ምን ልይ? ሱቅ እንዳትሉኝ፣ ሱቁ ጓንዡ ይጠብቀኛል።

መልስ ከሆንግ ኮንግ፦ እህቴ፣ እንኳን በደህና መጣሽ። እሁድ ይሁን። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ።

በመጀመሪያ ቪዛሽን አጣሪ። የቻይናና የሆንግ ኮንግ ቪዛ ለየብቻ ነው። የቻይናው ስላለሽ ብቻ እዚህ አያስገባሽም።

ጠዋት ከቺም ሻ ቹይ ሰፈር ጀምሪ። ናታን ሮድ ላይ ቸንግኪንግ ማንሽንስ የሚባል ሕንፃ አለ። ከናይጄሪያ፣ ከጋና፣ ከፓኪስታን የመጣ ነጋዴ የሚርመሰመስበት ነው። ገንዘብ እዚያ ዘርዝሪ፣ ግን በር ላይ ያሉትን አልፈሽ ወደ ውስጥ ግቢና ዋጋ አወዳድሪ። ከዚያ ወደ ባሕሩ ውረጂ። የሰዓት ማማ ታያለሽ፤ የድሮው ባቡር ጣቢያ ሲፈርስ የቀረው እሱ ነው።

ከማማው አጠገብ የስታር ፌሪ ጀልባ አለልሽ። ሜትሮ በባሕሩ ሥር ያሻግራል፣ አንቺ ግን ጀልባውን ያዢ። ዋጋው ርካሽ ነው፣ ከተማው በሁለቱም በኩል ወለል ብሎ ይታይሻል። የእንጨት ወንበሮቹን አስተውያቸው። ጀልባው ሳይዞር ስለሚመለስ ሰዉ መደገፊያውን እየገፋ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይገለብጠዋል። ስትደርሺ ደግሞ ወደቡ ላይ የቆመው ሠራተኛ የሚወረወርለትን ወፍራም ገመድ በረጅም ሜንጦ ይይዘዋል።

እሁድ ያልኩሽ ከዚህ በኋላ ላለው ነው። ጀልባው የሚያደርስሽ የባንኮች ሰፈር፣ ሴንትራል፣ ስትገቢ ባንኩ ሁሉ ዝግ ነው። ቻተር ሮድ ለመኪና ተዘግቷል። መንገዱም፣ የእግረኛ ድልድዩም፣ የኤችኤስቢሲ ባንክ ዋና ሕንፃ ሥር ያለው ክፍት ቦታም በፊሊፒን ሴቶች ይሞላል። የቤት ሠራተኞች ናቸው። ካርቶን ዘርግተው፣ ጫማቸውን አውልቀው ደርድረው ይቀመጣሉ። ሩዝ ይካፈላሉ፣ ፀጉር ይሠራራሉ፣ ልጆቻቸውን በቪዲዮ ያወራሉ። ወደ አገር የሚልኩትን ዕቃ እዚያው በፕላስተር ያሽጋሉ። በዚህች ከተማ ከ300 ሺህ በላይ የውጭ አገር የቤት ሠራተኞች አሉ፣ አብዛኞቹ ከፊሊፒንስና ከኢንዶኔዥያ። ሕጉ በየሰባት ቀኑ ቢያንስ አንድ ቀን ዕረፍት ይሰጣቸዋል።

እኔ ኮንትራት የሠራሁት ቤሩት ነው። እሁድን የማያት ከማዳም በረንዳ ላይ ነበር። የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኛን አይጨምርም፣ ስለዚህ ዕረፍት በማዳም ፈቃድ ነበር። እነዚህን ሴቶች መጀመሪያ ያየሁ ቀን ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

እዚህ ገነት ነው አላልኩም። ከአሠሪ ቤት ውጭ መኖር አይፈቀድላቸውም። ውል ከተቋረጠ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከሆንግ ኮንግ መውጣት ግድ ነው። ያቺ አንድ ቀን ግን የራሳቸው ናት፣ በማኅበር ተደራጅተውም ለመብታቸው ሰልፍ ይወጣሉ። ኤምሬትስም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣችው ሕግ የሳምንት ዕረፍት አስገብታለች። ይህን የማያውቁ እህቶች አጋጥመውኛል። እባክሽ ዱባይ ስትመለሺ ለምታውቂያቸው ንገሪልኝ።

ፎቶ ካማረሽ ጠይቂያቸው። ሰውን እንደ መታያ ዕቃ ፎቶ ማንሳት ነውር ነው። ሰላም ካልሻቸው ምግብ ያቀርቡልሻል፣ አትግደርደሪ።

ከሰዓት በኋላ ኮረብታውን የሚወጣውን ተንቀሳቃሽ ደረጃ ያዢ። ርዝመቱ ከ800 ሜትር ይበልጣል። ጠዋት ወደ ታች ይወርዳል፣ ከ4 ሰዓት በኋላ በእኛ አቆጣጠር ወደ ላይ ነው። ሆሊውድ ሮድ ላይ ውረጂና ማን ሞ ቤተ መቅደስ ግቢ። ከጣሪያው እንደ ጥምዝ የተንጠለጠለ ዕጣን ቀስ ብሎ ይነድዳል። አመዱ ራስሽ ላይ ይወርዳል፣ ነጭ ነጠላ አትልበሺ።

ጾም ከያዝሽ ተጠንቀቂ። ጎመን ብቻ ብለሽ ስታዢ ከባሕር እንስሳ የሚሠራ የኦይስተር ሶስ ያፈሱበታል። የቡድሃ አማኞች ምግብ ቤት ፈልጊ፣ እዚያ ሥጋም ዓሣም የለም።

ጠያቂዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ፣ እሁድ አደርገዋለሁ። እናቴ አብራኝ ናት፣ ጉልበቷን ያማታል። ትችለው ይሆን?

መልስ፦ ለእማማ ኮረብታው ይቅርባቸው። ተንቀሳቃሹ ደረጃ ያወጣል እንጂ መመለሻው በእግር ነው። ከሴንትራል በትራም ሂዱ። እ.ኤ.አ. ከ1904 ጀምሮ የሚሠራ ትራም ነው፣ አሁን ባለ ሁለት ፎቅ ነው። በኋላ በር ተገብቶ፣ ሲወረድ በፊት በር ይከፈላል። እሳቸውን ታች አስቀምጫቸው። ኮዝዌይ ቤይ ስትደርሱ ቪክቶሪያ ፓርክ ውስጥ ወንበር አለ፣ እሁድ የኢንዶኔዥያ ሴቶች የሚሰበሰቡት እዚያ ነው። ማታ ለጓንዡ ፈጣን ባቡር ዌስት ካውሉን ቀድማችሁ ድረሱ። የሁለቱም ወገን የፓስፖርት ፍተሻ እዚያው ጣቢያው ውስጥ ነው፣ ሰልፉ ረጅም ሊሆን ይችላል።