ቫሪያብል ኤንዲ «የሰነፍ ፊልተር» ነው ወይ?

ሶስተኛ ዓይን፦
አንድ የቪዲዮ አሰልጣኝ «ቫሪያብል ኤንዲ የሰነፍ ፊልተር ነው፣ ባለሙያ ፊክስድ ነው የሚይዘው» ሲል ሰማሁና እስካሁን ንዴቴ አልበረደም። (ለማያውቅ፦ ኤንዲ ወደ ሌንስ የሚገባውን ብርሃን የሚቀንስ ጠቆር ያለ መስታወት ነው፣ ቫሪያብሉ ቀለበቱ ሲዞር መጠኑ ይቀያየራል፣ ፊክስዱ አይቀየርም።) እስቲ ሰርግ ይቅረጽበት። ሙሽራዋ ከአዳራሽ ወጥታ ደረጃው ላይ ፀሐይ ሲያገኛት ብርሃኑ በሁለት ሶስት እርምጃ 6 ስቶፕ ይዘላል (አንድ ስቶፕ እጥፍ ብርሃን ነው)፣ እኔ ያኔ 6 ስቶፕ የሚቀንሰውን ፊክስድ ኤንዲ64 ከቦርሳ አውጥቼ ልጠመጥም ነው? መኪና ውስጥ ገብታ በሩ ተዘግቷል እኮ። ቀለበቷን ዞር አደርጋለሁ፣ ሻተሬ (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚያገኝበት ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ላይ እንዳለ ይቀጥላል። ቀለሙ ትንሽ ቢሄድም ኋላ በግሬዲንግ፣ ማለትም በኮምፒውተር ቀለም ሲታረም፣ ይስተካከላል።

ባለ ትሪፖዱ፦
«በግሬዲንግ ይስተካከላል»!! ደሜን የምታፈላው እቺ ነገር ናት። ምኑ ነው የሚስተካከለው? ቫሪያብል ኤንዲ ማለት ተደራርበው የተገጠሙ ሁለት ፖላራይዘሮች (በአንድ አቅጣጫ የሚወዛወዝ ብርሃን ብቻ የሚያሳልፉ መስታወቶች) ናቸው፣ ስለዚህ ብርሃን ብቻ አይደለም የምትቀንሰው፣ ነጸብራቅም እየመረጥክ ታጠፋለህ። የፊት ወዝ ይጠፋል፣ በዋይድ ሌንስ ደግሞ ሰማዩ በአንድ በኩል ጠቁሮ በሌላው ነጥቶ ይወጣል። የመኪናውን ነገር ራስህ ካነሳህ ደግሞ የጎን መስታወቱ ላይ ዥጉርጉር ቀለም ይወጣብሃል። ያን በግሬዲንግ አጥፍተህ አሳየኝ።

ሚሚ ፍሬም፦
ትሪፖዱ ሁለቱን አታምታታ። ሰማዩና መስታወቱ እውነት ነው አይመለስም። ሙሉ ፍሬሙ ላይ እኩል የሚወርደው ወደ ቢጫ ወይ ወደ አረንጓዴ የሚሄደው ቀለም ግን ፊልተሩ እንደተገጠመ ዋይት ባላንስ ብትሰራ (ነጩ ነጭ ሆኖ እንዲታይ ካሜራውን ብታስተካክል) ያልቃል፣ ብዙ የቀለም ደረጃ በሚይዘው 10 ቢት ከቀረጽክ ደግሞ ኋላም ታወጣዋለህ። ሶስተኛ ዓይን ያለው እሱን ነው።

ባለ ትሪፖዱ፦
ሚሚ እሱን አትከላከዪለት። 2 ስቶፕ ላይ ያለው ቀለምና 5 ስቶፕ ላይ ያለው አንድ አይደለም፣ ሾት መሃል ሲያዞረው ቀለሙም አብሮ ይዞራል። የትኛውን ዋይት ባላንስ ነው የምትሰሪለት? ደግሞ አዳራሽ ውስጥስ? ዝቅተኛው ላይ ሆኖ እንኳን ወደ 2 ስቶፕ የሚጠጋ ይበላል፣ ጨለማ ውስጥ ያ ሁሉ ብርሃን ሄደ ማለት ነው። ደረጃው ጋ ላተረፈው ሲል አዳራሹን ሙሉ በኖይዝ (በነጠብጣብ) ቀረጸው።

ዳንኤል ሪልስ፦
ይሄ ሁሉ ለምን? ሻተሩን 1/1000 አድርጎ መገላገል ነው። ተመልካች አያውቀውም።

ሚሚ ፍሬም፦
ኧረ ዳንኤል! በ25 ፍሬም 1/1000 ላይ የሚጨፍር ሰው እጁ እየተቆራረጠ ነው የሚሄደው። ተመልካቹ ስሙን ባያውቀውም ዓይኑን ይቆረቁረዋል።

ዶክ ሰሪው፦
አብዛኛው ሰው ቫሪያብሉን የሚጠላው ሂሳቡን ስለማይሰራ ነው። ጠራራ ፀሐይ ላይ በአይኤስኦ (የካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 800 ሎግ (ለግሬዲንግ ተብሎ ደብዘዝ ብሎ የሚቀረጽ) ትቀርጻለህ እንበል፣ ሻተር 1/50፣ የሌንሱን ቀዳዳ ሰፋ አድርገህ ኤፍ 2.8 ትፈልጋለህ፣ ይሄ 9 ስቶፕ ገደማ መቀነስ ይፈልጋል። ከ2 እስከ 5 የሚለውን ገዝቶ 9 ሊያወጣበት ከምልክቱ አሳልፎ ያዞረዋል፣ ከዛ ከልክ በላይ ሲዞር ምስሉ መሃል ላይ የሚወጣው ጥቁር የኤክስ ቅርጽ ሲመጣ ፊልተሩን ይሰድባል። ከ6 እስከ 9 የሚባለውን ያዙ፣ በዋይድ ሌንስ ጫፉ ድረስ አትግፉት፣ መጨረሻው ላይ የሚያቆም ማገጃ ያለውን ግዙ።

ካኖን ብቻ፦
ወይ ደግሞ ኤንዲ ውስጡ ያለው ካሜራ ግዙ። የካኖን ሲ70 ውስጥ እስከ 10 ስቶፕ አለ፣ ክርክሩ አለቀ።

ሶስተኛ ዓይን፦
የሲ70 እኮ ፊክስድ መስታወት ነው፣ ደረጃ በደረጃ ነው የሚቀያየረው። የሶኒ ኤፍኤክስ6 ነው ቫሪያብል፣ ብርሃኑን ከ1/4 እስከ 1/128 (ከ2 እስከ 7 ስቶፕ) ያለምንም መዝለል ይቀንሳል፣ ኤክስም የለውም።

ካኖን ብቻ፦
የሶኒ ኤፍኤክስ3 ላይ የውስጥ ኤንዲ ለምን ከለከሏችሁ ታዲያ? ሶኒ ሶኒ ስትሉ የእጃችሁን ካሜራ ትረሱታላችሁ።

ሚሚ ፍሬም፦
እባካችሁ የካሜራ ጦርነቱን ሌላ ቦታ።

ዶክ ሰሪው፦
ትሪፖዱ አንድ ነገር መልስልኝ። ፊክስድ አድርገህ እየቀረጽክ ደመና ቢመጣ በምንድነው የምታስተካክለው? በአይኤስኦ ከሆነ ካሜራው በደንብ ከሚሰራበት ከቤዙ ወጣህ፣ በሻተር ከሆነ ለዳንኤል የተነገረው ላንተም ነው።

ባለ ትሪፖዱ፦
በአፐርቸር፣ በሌንሱ ቀዳዳ። ከኤፍ 4 ወደ 2.8 እከፍታለሁ፣ ምን ችግር አለው?

ሶስተኛ ዓይን፦
ችግሩማ ሰውዬው እያወራ ከጀርባው ያለው ግድግዳ ብዥ እያለ ይሄዳል። እሱስ በግሬዲንግ ይስተካከላል?

ባለ ትሪፖዱ፦
ሾት መሃል አልነካውም። ቆርጬ፣ አስተካክዬ፣ እንደገና እቀርጻለሁ።

ዶክ ሰሪው፦
የሚያለቅስን ሰው «ቆይ አንዴ፣ ከመጀመሪያው አልቅስልኝ» ልትለው ነው?

ባለ ትሪፖዱ፦
እሱ የስራው ጸባይ ነው፣ የፊልተሩን ጥራት አይቀይረውም። እኔ የማወራው ስለ ፊልተሩ ነው፣ የሰማዩን ጥያቄ ደግሞ እስካሁን ማንም አልመለሰልኝም።