የቤተ መጻሕፍታችን የክረምት የደራሲያን ፕሮግራም፦ ረቂቁ አርብ ይገባል፣ ሐሳብ ያላችሁ አሁን

ሰብሳቢ (ሰኞ ጠዋት)
ባለፈው የተስማማነው ይሄው ነው። በክረምቱ ስምንት ሳምንት አራት ደራሲ፣ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ አንድ፣ ጠዋት ለልጆች ከሰዓት ለአዋቂ። ማመልከቻው አርብ ከሥራ መውጫ በፊት ካልገባ በጀቱ ለሌላ ማኅበር ይሄዳል፣ አምና እንዴት እንዳመለጠን ታውቃላችሁ። ረቂቁን አያይዣለሁ።

ገንዘብ ያዥ
የደራሲዎቹ ክፍያ «ልዩ ልዩ» ውስጥ ገብቷል፣ ይውጣ። ሰው ቀኑን ሙሉ ሰጥቶን መጥቶ ትራንስፖርቱ፣ ማደሪያውና ድካሙ ለብቻው መስመር ያስፈልገዋል። በጀት የሚያዩ ሰዎች መጀመሪያ የሚሰርዙት ልዩ ልዩ የሚለውን ነው።

የልጆች ክፍል
መጽሐፎቹስ? ቢያንስ ከወር በፊት መደርደሪያ ላይ መኖር አለባቸው። ልጅ ሳያነብ ደራሲ ፊት ካስቀመጥነው የሚጠይቀው «ስንት ዓመትህ ነው» ብቻ ነው፣ ያነበበው ግን «ውሻው ለምን ሞተ» ብሎ ይይዘዋል፣ ደራሲውም ለዚያ ልጅ ነው የሚመጣው። ለእያንዳንዱ ደራሲ አምስት አምስት ቅጂ ይገዛ ብያለሁ፣ አራተኛው መስመር ላይ ነው፣ እንዳይነካ።

ጡረተኛው መምህር
ረቂቁን ከፈትኩ፣ ከርዕሱ ማለፍ አልቻልኩም። «ቤተ መፃህፍት» ይላል። መጻሕፍት በጸሎቱ ጸና በሐመሩ ሐ ነው። ይሄ ነው ባነር ሆኖ የሚሰቀለው? ያውም ደራሲ ጠርተን?

ወጣቱ
ጋሼ ስልክ ላይ ቀድሞ የሚመጣው እሱ ነው፣ ድምፁም አንድ ነው ሰው ይገባዋል። ደራሲዎቹን ማን ይደውልላቸው? እኔ ሁለቱን እይዛለሁ እስከ ረቡዕ መልስ አመጣለሁ

ጡረተኛው መምህር
ድምፁ አንድ መሆኑ እኮ ነው ችግሩ። ሠዐለ ሥዕል ሳለ ነው፣ ሰአለ ለመነ ነው። ፊደሉ ካልለየው ምን ይለየዋል? ጸሐፈ ከግዕዝ የመጣ ነው፣ በ1948 የታተመውን የኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት ግለጡ፣ እዚያው ሕንፃው ውስጥ ተቀምጧል።

የሦስት ልጆች እናት
ሞክሼ ፊደላት፣ እንደ ጸና ፀ ድምፃቸው አንድ የሆኑት፣ ይቀነሱ አይቀነሱ የሚለው ክርክር ከኛ በፊትም ነበር ከኛ በኋላም ይኖራል፣ አርብ ግን አይጠብቀንም። ሁለቱ ልጆቼ ትምህርት ቤት ሲዘጋ መጽሐፍ የሚባል ነገር አይነኩም መስከረም ላይ እንደ አዲስ ነው የምንጀምረው፣ እኔ የመጣሁት ለዚህ ነው

የድሮ አባል
መምህር ልክ ናቸው። አምና በባነሩ ስንት ቀን ሰው እንደተሳለቀብን ረሳችሁ?

ገንዘብ ያዥ
አምና ሁለት ጊዜ ነው ያሳተምነው፣ ሁለቴ ከፍለን። ጽሑፉን አይቼዋለሁ ብሎ የፈረመው ደግሞ ማን እንደነበር ይታወቃል።

የድሮ አባል
እኔን ነው? በስሜ ተናገር። የፈረምኩት የቀኑን ቁጥር አይተህ ፈርም ተብዬ ነው ፊደሉን ማንም እይ አላለኝም። አሥራ አንድ ዓመት ወንበር ስሸከም ማንም አልፈረመልኝም።

ገንዘብ ያዥ
በስምህ አልጠራሁም። ደረሰኙ ግን እኔ ጋ ነው ያለው።

የድሮ አባል
እንግዲያው ቅዳሜ ወንበሩን የሚሸከም ፈልጉ።

ሰብሳቢ (ማክሰኞ ማታ)
እባካችሁ። ከሃያ መልስ ውስጥ ስለ ደራሲዎቹ ያለው ሦስት ነው። ርዕሱን አስተካክላለሁ፣ አለቀ።

የንባብ ክበብ
በጀቱ ካነሰ መግቢያ እናስከፍል፣ ትንሽ ነገር።

የልጆች ክፍል
አይሆንም። የዩኔስኮና የኢፍላ (የዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን) የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ማኒፌስቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣውም በ2022 የታደሰውም፣ አገልግሎቱ በመርህ ደረጃ ነፃ ነው የሚለው። በር ላይ ገንዘብ ስንጠይቅ የሚመለሰው የማያነበው ልጅ ነው፣ እኛ የምንፈልገው እሱን።

የንባብ ክበብ
እሺ ትቼዋለሁ። ግን በቪዲዮ ቀርፀን እንልቀቀው፣ ላልመጣው ይደርሳል።

የልጆች ክፍል
መቅረፁ ጥሩ ነው፣ ደራሲው ከመጽሐፉ የሚያነበውን ክፍል ግን ያለ ፈቃዱ መልቀቅ የቅጂ መብት ጉዳይ ነው። የግብዣው ደብዳቤ ላይ በጽሑፍ ይጠየቅ።

ጡረተኛው መምህር (ረቡዕ)
ሌሊት ሳስበው አደርኩ፣ ለባነር ብዬ ሰው እንዲቀያየም አልፈለግሁም። ያንን ወንድማችንን ደውዬ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፣ ወንበሩን ይዞ ይመጣል። ነገር ግን ልጆቹ ፊደሉን ካላወቁት ማን ያውቀዋል? አንድ ቅዳሜ ስጡኝ፣ ያለ ክፍያ አስተምራለሁ።

ሰብሳቢ
እግዜር ይስጥልን ጋሼ። ወጣቱ፣ ደራሲዎቹስ ምን አሉ?

ሰብሳቢ (ሐሙስ ጠዋት)
ወጣቱ?

የሦስት ልጆች እናት
እኔም ደውዬለት ነበር አያነሳም። አንድ ደራሲት ራሴ አግኝቻለሁ፣ እሺ ብላለች፣ ግን ሁለተኛው ቅዳሜ ብቻ ነው የሚመቻት። ሌሎቹን ሦስት ለማግኘት አንድ ቀን አይበቃም።

የንባብ ክበብ
እንግዲህ አንዷ ትምጣ፣ አንዱን መምህር ይያዙት፣ በቀሩት ሁለቱ ልጆቹ ራሳቸው መጽሐፍ ይሥሩ። አንድ ትልቅ ወረቀት ሦስት ጊዜ ሲታጠፍና ጠርዙ ሲቆረጥ አሥራ ስድስት ገጽ ይወጣዋል፣ ሁለት ወረቀት ሠላሳ ሁለት፣ አብዛኛው የሥዕል መጽሐፍ እኮ ይኸው ነው ገጹ። ወጪውም ወረቀትና ክር ብቻ ነው።

ገንዘብ ያዥ
ይሄ ያዋጣል። የሦስት ሰው ክፍያና ማደሪያ ይቀራል።

የልጆች ክፍል
እኔ ደስ አላለኝም። መነሻችን ልጅና ደራሲ ፊት ለፊት ይገናኙ ነበር። አሁን ስሙ «የፊደልና የመጽሐፍ ሥራ ክረምት» ሊሆን ምንም አልቀረውም። ቢያንስ የአንዷን መጽሐፍ አስቀድመን እንግዛ።

ሰብሳቢ (ሐሙስ ማታ)
ያልሽው ስም ጥሩ ነው፣ እሱን አድርጌዋለሁ። መምህር እንዳይከፋቸው ከባነሩም ከረቂቁም ፀ የሚለውን ሁሉ በጸ ቀይሬያለሁ። ማተሚያ ቤት ልልከው ነው፣ አንዴ እዩት።

ጡረተኛው መምህር
አትላኩት! «ለሕጻናት» ሆኗል። ሕፃን በፀሐዩ ፀ ነው።

የልጆች ክፍል
አራተኛው መስመር የለም። የመጽሐፍ መግዣውን ማን አወጣው?

ሰብሳቢ
እኔ ነኝ፣ ከአንድ ገጽ አይለፍ ስለተባለ። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ቢሮ እገባለሁ፣ ቀድመሽ ድረሺ እናስገባዋለን።