የሚበድል ሰው ይወዳል?

ጠያቂዋ፦ አሜሪካዊቷ ፌሚኒስት ቤል ሁክስ እ.ኤ.አ. በ2000 ስለ ፍቅር ባሳተመችው መጽሐፍ ፍቅርና በደል አብረው አይኖሩም ትላለች። ለእሷ ፍቅር ስሜት ብቻ ሳይሆን ተግባርም ነው፦ እንክብካቤ፣ አክብሮት፣ መተማመን፣ ግልጽነት። የሚመታ ሰው ሊሳሳልሽ ይችላል፤ ይወድሻል ግን አይባልም። ምን ትላላችሁ?

ተጠራጣሪው፦ አልስማማም። ሰው የሚወደውን ሲጎዳ ነው የኖረው። ጥፋቱን ጥፋት በሉት፣ ይጠየቅበት። ስሜቱን ግን ለምን ትክዳላችሁ? በዚህ ሚዛን ብዙዎቻችን ወላጆቻችን አልወደዱንም ማለት ነው።

ጠያቂዋ፦ እሷም ልጅነትን አልዘለለችውም። «የምመታህ ስለምወድህ ነው» እየተባለ ያደገ ልጅ ዱላና ፍቅር ይምታቱበታል። አድጎም ሲመቱት ይታገሣል፣ ወይ ራሱ ሌላውን ይመታል።

ሚስት ነኝ፦ የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ፍቅር ተግባር ከሆነ ሥራው የማን ነው? ፈረንሳዊቷ ፈላስፋ ሲሞን ደ ቦቩዋር እ.ኤ.አ. በ1949 ጽፋዋለች፦ ለሴቷ ፍቅር መላ ሕይወቷ እንዲሆን ይጠበቃል፣ ለወንዱ ግን ከብዙ ጉዳዮቹ አንዱ ነው። ባለቤቴ ክፉ አይደለም። «እወድሻለሁ» ሲል ከልቡ ነው። ኩርፊያ የምፈታው ግን እኔ፣ የእናቱን የሐኪም ቀጠሮ የማስታውሰውም እኔ።

ተጠራጣሪው፦ ታዲያ ደብተር ይዘን እንዋደድ?

ሚስት ነኝ፦ ደብተሩማ ድሮም አለ። የምይዘው እኔ ብቻ ነኝ።

አማካሪዋ፦ በትዳር ውስጥ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ጋር እሠራለሁ። በሐሳብ ደረጃ ከሁክስ ጋር ነኝ። ግን አንዲትን ሴት «አይወድሽም» ስትያት ወዲያው ጠበቃው ትሆናለች። ሲያለቅስ አይታዋለች፣ ታማ ሲያስታምማት አይታዋለች። ይህን ሁሉ ውሸት ነው ብለሽ አታሳምኛትም። ስለዚህ ስለ ፍቅሩ አልከራከርም። እምቢ ማለት ትችያለሽ? የእግሩን ኮቴ ስትሰሚ ምን ይሰማሻል? ስልክሽን ማን ይከፍተዋል? እዚህ ላይ ዝም ትላለች። ከዚያ ነው ወሬያችን የሚጀመረው።

ጠያቂዋ፦ ያው የሁክስ ነገር ነው እኮ። አንዱ አዛዥ፣ ሌላው ፈሪ በሆነበት ቤት ፍቅር አያድግም ነው የምትለው።

ተጠራጣሪው፦ አያድግም ከሆነ እሺ። «የለም» እና «አያድግም» አንድ አይደሉም። ደግሞ ወንዱስ? ከቁጣ በቀር ሌላ ስሜት እንዳያሳይ ተደርጎ አድጎ፣ ድንገት ግልጽነት ከየት ያምጣ?

ጠያቂዋ፦ ስለ እሱም ሁክስ እ.ኤ.አ. በ2004 ሌላ መጽሐፍ አሳትማለች። የወንድ የበላይነት ወንዶችንም ከስሜታቸው ያቆራርጣል ትላለች። ማዘኗ ግን ከተጠያቂነት አያድናቸውም።

ተጠራጣሪው፦ እሱን አነበዋለሁ። የመጀመሪያውን ግን አሁንም አልተቀበልኩትም።