ክርክር፦ የኩዌሪ ሲንታክስ (የፍለጋ አጻጻፍ ሕግ) ማንዋሉ ላይ የት ይቀመጥ?

ጠያቂ፦ የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ማንዋል ለጽሑፍ ፍለጋ የምንጽፈውን ጥያቄ፣ ቲኤስኩዌሪን (tsquery)፣ ሦስት ቦታ በትኖታል። ምዕራፍ 8 ከዳታ ዓይነቶች ጋር፣ ምዕራፍ 9 ከፈንክሽንና ኦፕሬተሮች ጋር፣ ምዕራፍ 12 ከፍለጋው ማብራሪያ ጋር። ትናንት ምዕራፍ 9 ላይ && አየሁና የፍለጋ ቃላቱ በሚጻፉበት የጥቅስ ምልክት ውስጥ አስገባሁት። ኤረር! ለካ እሱ ሁለት የተዘጋጁ ቲኤስኩዌሪዎችን ማያያዣ ነው፤ ጥቅሱ ውስጥ የሚገባው ነጠላ & ነው። ግማሽ ቀኔን በላብኝ። ሁሉም ምዕራፍ 12 ላይ ይሰብሰብ ባይ ነኝ። እናንተስ?

የዳታቤዝ አስተዳዳሪ፦ አልስማማም። ኦፕሬተር ሲጠፋብኝ በቀጥታ ምዕራፍ 9 እገባለሁ፣ ሠንጠረዡን አያለሁ፣ እወጣለሁ። ከዚያ ካነሳችሁት ለእኔ ጠፋ ማለት ነው። ሌላው ዳታቤዝ ማይኤስኪውኤልም የቡሊያን ፍለጋውን (ቃላት በምልክት የሚጣመሩበትን) ያስቀመጠው ፈንክሽንና ኦፕሬተር ምዕራፍ ውስጥ ነው።

ጀማሪ፦ ሠንጠረዥ እኮ የሚጠቅመው የሚፈልገውን ነገር ስም ለሚያውቅ ሰው ነው። እኔ "ሁለት ቃላት ተከታትለው ሲመጡ" ብዬ ነው የምፈልገው፤ <-> የሚባል ምልክት መኖሩን ማን ነገረኝ? የኤስኪውላይት ዳታቤዝ የጽሑፍ ፍለጋ፣ የኤፍቲኤስ5፣ ገጽ ላይ ግን የፍለጋው ሲንታክስ ራሱን የቻለ ክፍል አለው፣ ሰዋስውም ምሳሌም እዚያው። አንብቤ ወዲያው ገባኝ።

ማንዋል ጸሐፊ፦ እኔን የሚያሳስበኝ ድግግሞሹ ነው። <-> የመጣው በ2016 (እ.ኤ.አ.) ከፖስትግሬስ 9.6 እትም ጋር ነው። አንድ ሕግ ሦስት ቦታ ከተጻፈ እንዲህ ያለ አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር ሦስቱንም ማረም አለብህ፣ አንዱን ከረሳህ ደግሞ ማንዋሉ እርስ በርሱ ይጣላል፣ አንባቢው የትኛውን ይመን? ስለዚህ ሕጉ ምዕራፍ 12 ላይ፣ ሌላው ቦታ ሊንክ ብቻ። ሠንጠረዡ ግን ይቆይ።

የዳታቤዝ አስተዳዳሪ፦ ዳታ ማውጫውን ትእዛዝ፣ ሴሌክትንስ? ምዕራፍ 7 ያስተምረዋል፣ የትእዛዞች ማጣቀሻው ላይም አለ። እሱንም ልታዋህዱት ነው?

ማንዋል ጸሐፊ፦ እሱን አንነካም። የፖስትግሬስ ትእዛዝ መጻፊያ ፒኤስኪውኤል ውስጥ ለእርዳታ \h ስትል የሚወጣልህ ሲንታክስ ከዚያው ከማጣቀሻው ገጽ የሚቀዳ ነው። ቲኤስኩዌሪ ግን እንዲህ ያለ ገጽ የለውም፤ ችግሩም ይኸው ነው።

የዳታቤዝ አስተዳዳሪ፦ ሠንጠረዡ ካልተነካ ይሁን። ምዕራፍ 12 ግን ረጅም ነው፤ ሕጉ መሃል ላይ ከተቀበረ አሁንም ማንም አያገኘውም።

ጠያቂ፦ እሺ፣ ከትንሹ ልጀምር። "እነዚህ ከጥቅሱ ውጭ ነው የሚሠሩት፤ ውስጥ የሚጻፉትን ምዕራፍ 12 ላይ ተመልከቱ" የሚል አንድ መስመር ከሠንጠረዡ በላይ ዛሬ ማታ ጽፌ አመጣለሁ። እናንተ እረሙልኝ።