ጥቆማ፦ ኡቡንቱ ጭናችሁ ዶንግል እምቢ ላላችሁ የባህር ዳር ልጆች

ሰሞኑን ሦስት ሰው ስለጠየቀኝ አንድ ላይ ልጻፈው። ዊንዶውስ ትተው ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ጭነዋል፣ ሲም የሚገባበት የኢንተርኔት ዶንግላቸው ሲሰካ ዝም ይላል፣ የት እናሠራው ወይስ ሌላ እንግዛ ነው ጥያቄው። መልሴ አጭር ነው፤ ሳታጣሩ ምንም አትግዙ።

እኔ ሳላጣራ ገዝቻለሁ። ኡቡንቱ በጫንኩ ማግስት ገበያው አካባቢ ወዳለ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ አንዴ ሰክቶ ነቀለና «ተቃጥሏል» ብሎ አዲስ ሸጠልኝ። ቤት ስገባ አዲሱም ያው ዝም ነው። ተመልሼ ስሄድ ደግሞ «ሊኑክሱን አጥፍተን ዊንዶውስ እንጫንልህ» አለኝ። ማታ ዓባይ ማዶ እህቴ ቤት ሄጄ ተቃጠለ የተባለውን አሮጌውን ዊንዶውስ ባለው በእሷ ላፕቶፕ ብንሰካው ወዲያው ሠራ። በጣም ነው የተናደድኩት፤ ለተማሪ የዶንግል ዋጋ ቀላል ብር አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙዎቹ የሁዋዌና የዜድቲኢ ዶንግሎች መጀመሪያ ሲሰኩ ለኮምፒውተሩ የሚታዩት እንደ ሲዲ እንጂ እንደ ሞደም (ኢንተርኔት የሚያገናኝ ዕቃ) አይደለም። የዊንዶውስ ፕሮግራማቸውን ውስጣቸው ይዘዋል፤ ዊንዶውስ እሱን ከጫነ በኋላ ነው ወደ ሞደምነት የሚቀየሩት። ሊኑክስ ላይ ይህን የሚቀይረው ዩኤስቢ ሞድስዊች (usb-modeswitch) የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ነው። እሱ ከሌለ ፋይል ማሳያው ላይ የሲዲ ምልክት ብቅ ይላል፣ ኢንተርኔት ግን የለም። ያንን ምልክት ካያችሁ ዶንግላችሁ ደህና ነው።

መብራቱንም ልብ ብላችሁ እዩት። የእኔ ሁዋዌ በየ3 ሰከንዱ ሁለቴ አረንጓዴ ብልጭ ካለ ኃይል አግኝቷል፣ ኔትወርክ ግን ገና አልያዘም። በየ3 ሰከንዱ አንዴ ብቻ አረንጓዴ ብልጭ ካለ 2ጂ፣ አንዴ ሰማያዊ ብልጭ ካለ 3ጂ ላይ ነው። ሰማያዊው ሳይቋረጥ ከበራ ተገናኝቷል። ጭራሽ ካልበራ ሌላ ቀዳዳ ሞክሩ፤ ዴስክቶፕ ከሆነ ከኋላ በኩል፣ ያለ ማራዘሚያ ገመድ።

ጀማሪ የሚቸገረው ፕሮግራሙን ለማውረድ ራሱ ኢንተርኔት ስለሚያስፈልግ ነው። አንድሮይድ ስልካችሁን በቻርጀር ገመዱ ላፕቶፑ ላይ ሰኩትና ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ዩኤስቢ ቴተሪንግን (የስልኩን ኢንተርኔት ለላፕቶፑ የሚያጋራውን) አብሩ። ኡቡንቱ እንደ ገመድ ኔትወርክ ይቀበለዋል። ዩኤስቢ ሞድስዊችን አውርዱ፣ ስልኩን ንቀሉ፣ ዶንግሉን መልሳችሁ ሰኩ። ከዚያ ኔትወርክ ማስተካከያው ላይ ሞባይል ብሮድባንድ ውስጥ ኢትዮጵያን ምረጡ፤ የኢትዮ ቴሌኮም ኤፒኤን (የኢንተርኔት መግቢያው ስም) «ኢቲሲ ነጥብ ኮም» ነው፣ በእንግሊዝኛ ፊደል etc.com ተብሎ ይጻፋል። የሚደወል ቁጥር ከጠየቃችሁ *99# ነው። ሲሙ ፒን ካለው አስቀድማችሁ ስልክ ላይ አጥፉት።

ከይባብ ግቢ የጠየቅሽኝ እህቴ፣ ያንቺ ዶንግል ታይቷል፤ «ፈቃድ የለም» የሚልሽ የተጠቃሚ ስምሽ ዳያልአውት (dialout) በሚባለው፣ ሞደም መንካት በሚፈቀድላቸው ተጠቃሚዎች ቡድን ውስጥ ስለሌለ ነው። ስምሽን እዚያ አስገቢና ከኡቡንቱ አካውንትሽ ወጥተሽ እንደገና ግቢ። ከዚያ ለሞደም ትእዛዝ የሚጻፍበትን ሚኒኮም የሚባል ፕሮግራም ከፍተሽ «ኤቲ» (AT) ብለሽ በእንግሊዝኛ ጻፊ፤ «ኦኬ» ብሎ ከመለሰ ሞደሙ እየሰማሽ ነው። ይህ ትእዛዝ በ1981 እ.ኤ.አ. ከወጣው የሄይስ ሞደም ጀምሮ እስከ ዛሬ አለ። እኔ መጀመሪያ ያንን ኦኬ ሳይ የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም።

ስለ ቢሮዎ የስልክ መስመር ሞደም የጠየቁኝ ጋሼ፣ የእርስዎ ግን ይለያል። ቢሮዎ ያለው በስልክ መስመር የሚደውለው ካርድ ዊንሞደም ከሚባሉት ከሆነ፣ አብዛኛውን ሥራ ለዊንዶውስ ድራይቨር (ዕቃውን ለሚያሠራው ፕሮግራም) የሚተው ስለሆነ ሊኑክስ ላይ አይድከሙበት። ከውጭ በሲሪያል ገመድ የሚሰካው ሞደም ራሱን የቻለ ነው፣ እሱ ይሠራልዎታል።

መግዛት ግድ ከሆነባችሁ፣ ለጀማሪ የምመርጠው ሲም የሚወስደውን ባለባትሪ የኪስ ዋይፋይ ነው። ድራይቨር አይፈልግም፣ ዶርም ውስጥ ለሦስት ለአራት ትካፈሉታላችሁ፣ መብራት ሲጠፋም ባትሪው እስኪያልቅ ይቆያል። የመደበኛ መስመር ኢንተርኔት ቤት ለተከራዩና ለሚጋሩ ደህና ነው፤ መብራት ከሄደ ግን ራውተሩም አብሮ ይጠፋል። ለአንድ ለሁለት ቀን ሥራ ስልኩ ይበቃል። ዶንግል አዲስ ግዙ አልልም፤ ያላችሁን አሠሩት።

ለጥገና ደግሞ ፖሊ ግቢ ኮምፒውተር የሚማር የምታውቁት ልጅ ካለ ከሱቅ በፊት እሱን ጠይቁ፤ ሊኑክስን እየነካካ የሚውል ሰው ቶሎ ይገባዋል። ሱቅ ከሄዳችሁ «ሊኑክስ ትሠራላችሁ?» ብላችሁ ጀምሩ። «ተቃጥሏል» ካሏችሁ ዓይናችሁ እያየ ዊንዶውስ ላይ ይሰኩት። አዲስ ስትገዙም ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያው ተሰክቶ አንድ ገጽ ሲከፍት አይታችሁ ክፈሉ።