የጣና ጀልባ ማደሪያዎች፦ በጋራ ሐሳባችን የትኞቹን እናስገባ?

ሰብሳቢ
ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ማኅበራችን ለክልሉ የሚያቀርበው የጋራ ሐሳብ ጊዜው እየደረሰ ነው። እንደተለመደው ሁሉም «የኔ ሰፈር ወደብ ይሠራልኝ» ብሎ ከተነሳ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚቀረው። ስለዚህ ከመጻፋችን በፊት እዚሁ እንጨቃጨቅ። የሚያምር ቦታ አትዘርዝሩልኝ፤ ጣና ላይ የማያምር ቦታ የለም። ነፋስ ሲነሳ ጀልባህን የት ታስጠጋለህ? ቢመሽብህ የት ታድራለህ? መልህቅህ የት ይይዛል፣ የትስ ይንሸራተታል? ከነምክንያቱ ጻፉ። ለመነሻ ያህል ዘጌን፣ የደቅን ደሴት፣ ቁንዝላንና ጎርጎራን አስቀምጫለሁ። ሰርዙ፣ ጨምሩ።

ሞተረኛው
ጋሼ፣ አራቱም ይሁኑ፤ ደቅን ግን አንድ ቦታ አድርገህ መጻፍህ አልተዋጠልኝም። ደቅ ራሱ ጋሻ ነው። ነፋሱ በየት እንደመጣ አይተህ በወዲያኛው ጎን ትጠለላለህ። ናርጋ ሥላሴ ገዳም በምዕራብ በኩል ነው፤ ዳጋ እስጢፋኖስ ደግሞ በደቡብ ምሥራቅ፣ ከደቅ ፊት ለፊት ለብቻዋ ጉብ ያለች ደሴት ናት። ናርጋ ላይ ውሃው ሲናወጥ ወደ ዳጋ በኩል የዞረ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። ስለዚህ ሁለት ማሰሪያ ይጻፍ፤ አንዱ በናርጋ በኩል፣ ሌላው በደቅና በዳጋ መካከል።

ሰዓቱም ይጻፍ። ባሕር ዳር ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ጠዋት ወጥተህ ከቀትር በፊት ከተመለስክ ሐይቁ ያንተ ነው። ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው መንፈስ ሲጀምር ከዘጌ የሚመለስ ተሳፋሪ ረጥቦ ነው የሚገባው። በጠዋት የምንወጣው ለመንገደኛው ምቾት ብለን ብቻ አይደለም፤ መጠለያ ስለሌለን ነው። ዘጌ ላይ የሚያስተማምን ማሰሪያ ቢኖር ሰዉ ቡናውን እየጠጣ ይቆይና ነፋሱ ሲበርድ፣ ወደ ማታ እንመለስ ነበር።

የደቅ ልጅ
ሁላችሁም የምታወሩት ስለ ጎብኚ ነው። ጎብኚውማ እንደ ድሮው መምጣት ካቆመ ቆየ። ደቅ ላይ ሰው ይኖራል፤ ያርሳል፣ ገበያ ይሻገራል፣ ይታመማል። ምጥ የያዛት ሴት ነፋሱ እስኪበርድ ጠብቂ አትባልም። የሐሳባችን መግቢያ «ለቱሪዝም ዕድገት» ከሚል የደሴቱ ነዋሪ ይቅደም። ጎብኚው ከኋላ ይምጣ፤ ከተመለሰ።

ሌላው በዓል ነው። ናርጋ ሥላሴ በጥርም በሐምሌም በ7 ይነግሣል። የጥሩ ምንም አይደል፣ በረጋ ውሃ ነው የሚመጣው። የሐምሌው ነው የሚያስፈራው። ከሰዓት በኋላ ደመናው ከየት መጣ ሳትል ነጎድጓዱ አናትህ ላይ ነው። የዚያን ቀን ጀልባ ከጀልባ ጋር ይታሰራል፤ የዳሩ ደግሞ ከዛፍ ሥር ጋር። አንዱ ገመድ ሲላቀቅ ሁሉም ተያይዞ ይሄዳል፤ ምእመኑ ከቅዳሴ ወጥቶ ዳር ቆሞ ያያል።

አስጎብኚዋ
እኔ የማነሳው ሁሌ ዝም ተብሎ የሚታለፍ ጉዳይ ነው። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባም። ሥርዓቱን አልነካም፣ የአባቶች ነው። ግን ወንዶቹ ወደ ገዳሙ ሲወጡ ሴቶቹ የት ይቆያሉ? ጀልባው ላይ። ዳጋማ ተራራ ነው። ወጥቶ፣ የእነ ዘርዓ ያዕቆብንና የእነ ፋሲልን አፅም አይቶ፣ ከአባቶች ጋር ተነጋግሮ እስኪወረድ ጀልባ ላይ ያሉት እናቶች ጃንጥላ ዘርግተው፣ በአንድ እጃቸው ጠርዙን ጨብጠው ነው የሚጠብቁት። ጀልባ ደግሞ ሲሄድ ሳይሆን ሲቆም ነው የሚያናውጠው። አንዷ ማስመለስ ስትጀምር ሌሎቹም ይከተላሉ። ስለ ሽንት ቤቱ ባልናገር ይሻላል።

ለክብራን መላው ቅርብ ነው። እንጦስ ኢየሱስ እዚያው አጠገቡ ናት፤ ድሮ የሴቶች ገዳም የነበረች፣ ዛሬም ሴት የሚገባባት። ማሰሪያውና ጥላው እንጦስ ላይ ይሁን፣ ሴቶቹ እዚያ ወርደው ያርፉ። ለዳጋ ግን ምን እንደምናደርግ አልታየኝም። አንተ የደቅ ልጅ፣ ምን ትላለህ?

የደቅ ልጅ
ቀላል ነው እታለም። ከዳጋ ማዶ የደቅ ዳር ቅርብ ነው። ሴቶቹን መጀመሪያ እኛ ጋ አውርዶ፣ ወንዶቹን ዳጋ አድርሶ መመለስ ነው። ቡናም አይጠፋም። ብቻ የሚወርዱበት መድረክ ይኑር፤ አሁን ያለው ቀሚስ ሰብስቦ ድንጋይ ለድንጋይ መዝለል ነው።

ዓሣ አስጋሪው
የማይታደርበት ቦታም ይጻፍ እንጂ። አባይ ከሐይቁ የሚወጣበት፣ ደብረ ማርያም አካባቢ፣ ለዓይን ጸጥ ያለ ነው። ደንገሉ ነፋስ ይከላከላል፣ ውሃው አይነቃነቅም፤ አዲስ ሰው አይቶ «እዚሁ ልደር» ይላል። ጉማሬው ማታ ሣር ፍለጋ ወደ ዳር የሚወጣው በዚያው ነው። መንገዱ ላይ ጀልባ ካገኘ እሱ አይዞርም።

በምሥራቅ በኩልም አትድከሙ። የፎገራ ዳር ሜዳ ነው፤ ርብና ጉማራ የሚያመጡት ደለል ውሃውን ሩቅ ድረስ ጉልበት አሳክሎታል። ፕሮፔለርህ ጭቃ ሲያማስል ነው የምታውቀው። ከዚያ በላይ ግን ነሐሴና መስከረም ላይ ነጭ ዓሣው ለመራባት ወደ እነዚያ ወንዞች ይወጣል። ይህ ዓሣ ከጣና ሌላ የትም የማይገኙ ዝርያዎች አሉት። በወንዙ አፍ ላይ ማደሪያ ሠርተን፣ ሞተር ሲነሳና ሲጠፋ እየዋለ፣ ዓሣው አለቀ ብለን ብናለቅስ የሚሰማን የለም። ሐይቁ እኮ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር መዝገብ ገብቷል፤ ይህን ያላየ ሐሳብ ገና በር ላይ ነው የሚመለሰው።

ጸሐፊ
ተመዝግቧል። እኔ ደግሞ «የኮንክሪት ወደብ» የሚለውን ከረቂቁ ላወጣው ነው፤ ከመጮሃችሁ በፊት ምክንያቴን ስሙ። የጣና ውሃ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይሞላል፣ ክረምት መግቢያ ላይ ይጎድላል፤ በመካከሉ ያለው ልዩነት ከሰው ወገብ በላይ ነው። በጥቅምት የተለካ መድረክ ግንቦት ላይ ግድግዳ ይሆናል፤ ተሳፋሪው ተንጠልጥሎ ነው የሚወርደው። በግንቦት የተለካው ደግሞ በጥቅምት ውሃ ውስጥ ተደብቆ የጀልባ ሆድ ይቀዳል።

የውሃው ልክ እንዲህ ነው ብላችሁ ከዝናቡ ጋር ብቻ አትቁጠሩ። አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት፣ ጨረጨራ ግድብ ላይ የውሃ በር አለ፣ በቁንዝላ በኩል ደግሞ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ውሃ ይወስዳል። በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ ለመርከብ ከሚያስፈልገው ከ1784.75 ሜትር ከፍታ በታች ወርዶ መርከቦቹ ለወራት ቆመው እንደነበር አዛውንቶቹ ያስታውሳሉ። ስለዚህ የምንጠይቀው ተንሳፋፊ መድረክ ይሁን። በርሜል ላይ የተጋደመ ጣውላ፣ ከዳር ጋር በማጠፊያ ድልድይ የተያያዘ፤ ውሃው ሲወጣ የሚወጣ፣ ሲወርድ የሚወርድ። ዋጋውም ከኮንክሪቱ ጋር አይወዳደርም።

ከሜሪላንድ
ከሩቅ ሆኜ ስገባ ይቅርታ። የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። እዚህ ቼሳፒክ ላይ ትንሽ የሸራ ጀልባ አለችኝ፣ በሰንበት እየወጣሁ ውሃ ላይ አድራለሁ። አንዱ የባሕር ወሽመጥ፣ አንዱ ሐይቅ ቢሆንም በአንድ ነገር ይገናኛሉ፦ ጥልቀት የላቸውም። የቼሳፒክ አማካይ ጥልቀት 6 ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ጣናም በጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ነፋስ ሲመታው አጫጭር፣ ቀጥ ያለና የተደራረበ ማዕበል ያነሳል። ጀልባዋ አንዱን ሳትጨርስ ሌላው ይደርስባታል፤ መልህቅ የሚነቅለውም ይህ ተደጋጋሚ መጎተት ነው።

ሰብሳቢው መልህቅ የት ይይዛል ብለው ጠይቀዋል። የቦታውን ያህል የገመዱም ጉዳይ ነው። ባለፈው ስመጣ ብዙ ጀልባ ላይ ያየሁት በአጭር ገመድ የታሰረ ድንጋይ ነው። መልህቅ በክብደቱ አይይዝም። ወለሉ ላይ ተጋድሞ ወደ ጎን ሲሳብ ጥፍሩ ጭቃው ውስጥ ስለሚቀበር ነው የሚይዘው። ገመዱ ካጠረ ጀልባዋ ወደ ላይ ትስበውና ይነቀላል። እዚህ የምንከተለው ልክ ከጀልባዋ አፍንጫ እስከ ወለሉ ያለውን ቁመት በ5 ማባዛት ነው፤ ነፋስ ካለ በ7። ውሃው 3 ሜትር፣ አፍንጫዋ ደግሞ ከውሃው 1 ሜትር ከፍ ያለች ከሆነ 28 ሜትር ገመድ ማለት ነው። ከመልህቁ ቀጥሎ ጥቂት ሜትር ሰንሰለት ቢኖር ደግሞ ገመዱን ወደ ታች ይጫንልሃል።

ችግሩ 28 ሜትር ገመድ የለቀቀች ጀልባ ነፋሱ ሲዞር ሰፊ ክብ ትዞራለች። በሐምሌ 7 ናርጋ ላይ ይህ አይሆንም፣ ሁሉም ይጋጫል። ለእንዲህ ያለው ቦታ ቋሚ ማሰሪያ ነው የሚያዋጣው፦ ከባድ የኮንክሪት ጡብ ወለሉ ላይ ይቀመጣል፣ ከሱ ወፍራም ሰንሰለት፣ ከላይ ተንሳፋፊ። መጥተህ ቀለበቱ ላይ ታስራለህ። አናፖሊስ ላይ ከተማው ራሱ ተክሎ ለአዳሪ ጀልባ ያከራያል። ኪራዩ ሰንሰለቱን ለመጠገን ይውላል፤ ሰንሰለት የማያረጅ እንዳይመስላችሁ፣ በየዓመቱ ጠላቂ ወርዶ ማየት አለበት።

ሞተረኛው
ወንድሜ፣ ስለ ገመዱ እጄን ሰጥቻለሁ። አንድ ነገር ግን ልጨምርልህ። በኛ በኩል ያለው ደቡቡ ዳር ጭቃ ብቻ አይደለም፣ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። መልህቅህ ድንጋይ መሃል ከገባ «ያዘልኝ» ብለህ ትተኛለህ፤ ጠዋት ደግሞ አልወጣ ይልሃል። ስንቱ ገመዱን ቆርጦ ሄዷል። የኔ ዘዴ መልህቁ ጭራ ላይ ሁለተኛ ቀጭን ገመድ ማሰርና ጫፉን በባዶ ጀሪካን ማንሳፈፍ ነው። ሲነሳ በጭራው በኩል ትስበዋለህ፣ በገባበት ይወጣል። ቢጫ ጀሪካን ይሁን፣ አስጋሪዎቹም ከሩቅ አይተው መረባቸውን እንዳይዘረጉበት።

የጎርጎራው
ሰሜኑን ረሳችሁት እንዳልል ሰብሳቢው ጠቅሶታል፤ አመሰግናለሁ። ድሮ ሳምንታዊው መርከብ እሑድ ጠዋት ከባሕር ዳር ተነስቶ፣ ቁንዝላ አድሮ፣ ሰኞ ነበር ጎርጎራ የሚገባው። ለትንሽ ጀልባም መንገዱ ያው ነው፤ ቁንዝላ ጉዞውን ለሁለት ይከፍለዋል። ስለዚህ ቁንዝላን ማንም እንዳይሰርዘው።

የኛ ጣጣ እምቦጭ ነው። ነፋሱ እየገፋ በሰሜን ምሥራቅ ዳር ያከማቸዋል፤ አንዳንዴ ወደኛም ይዞረዋል። ማታ በንጹሕ ውሃ ላይ ያሰርከውን ጀልባ ጠዋት አረንጓዴ ሜዳ መሃል ታገኘዋለህ። ቸኩለህ ሞተር ካስነሳህ ፕሮፔለሩ ይታነቃል፣ ውሃ የሚስብበት ቀዳዳ ይደፈናል፣ ሞተሩ ይግላል። መጀመሪያ በመቅዘፊያ ገፍተህ መውጣት ነው። ጎርጎራ ላይ አዲስ ሎጅ ተሠርቷል፣ መድረክም አይጠፋም። ስለዚህ ለኛ ወደብ አትጠይቁልን፤ ከመድረኩ ፊት እምቦጩን የሚያቆም ተንሳፋፊ አጥርና ማጨጃ ጠይቁልን።

ሰብሳቢ
ይህን ነበር የምፈልገው። እንግዲህ ረቂቁ እንዲህ ይሁን፤ ጸሐፊ ቋንቋውን ያስተካክለዋል።

«የሐይቁን ነዋሪ፣ ተሳላሚና ጎብኚ ደኅንነት ለመጠበቅ ማኅበሩ የሚጠይቀው ብዙ ወደብ ሳይሆን ጥቂት፣ የሚያስተማምኑ ማደሪያዎች ነው። በናርጋ በኩል እንዲሁም በደቅና በዳጋ መካከል ቋሚ ማሰሪያና ተንሳፋፊ መድረክ፤ በዘጌ ከሰዓት በኋላ ለሚቆዩ ጀልባዎች ማሰሪያ፤ በእንጦስ ጥላ፣ መድረክና መጸዳጃ፤ በቁንዝላ ማደሪያ፤ በጎርጎራ የእምቦጭ መከላከያ። በአባይ መውጫና በወንዞች አፍ ምንም እንዳይሠራ።»

ዘጌ ላይ ብዙ ጀልባ የሚከማቸው የካቲት 16፣ ለዑራ ኪዳነ ምሕረት ንግሥ ነው፤ ቁጥሩን በዚያ ቀን ልክ እንተምነው። ደሴቶቹ ላይ ደግሞ የገዳማቱን ፈቃድ ሳንይዝ አንድ ምሰሶ አንተክልም። አባቶችን የሚያነጋግሩ ሁለት ሰዎች እፈልጋለሁ።

አስጎብኚዋ
እንጦስን እኔ እሄዳለሁ። ዳጋ የሚሄድ ወንድ ፈልጉ።

የደቅ ልጅ
ዳጋን ለኔ ተዉት። መግቢያው ላይ ግን «ነዋሪ» መጀመሪያ መሆኑን አይቻለሁ፤ ጸሐፊ ሲያስተካክል ወደ ኋላ እንዳይሄድ።

ዓሣ አስጋሪው
«ምንም እንዳይሠራ» የሚለው ታንኳችንን እንዳይጨምር ተጠንቀቁ። እኛ ታንኳችንን ደንገሉ መሃል ነው የምናሳርፈው፣ ከአያቶቻችን ጀምሮ። «ለሞተር ጀልባ» የሚል ይግባበት።

ጸሐፊ
ገብቷል። የሜሪላንዱ፣ የኮንክሪት ጡቡን ክብደትና የሰንሰለቱን ውፍረት ለባለ 20 እና ለባለ 40 ሰው ጀልባ ለይተህ ላክልኝ። ሞተረኛው ደግሞ ገመድ በሜትር ስንት እንደገባ ጠይቅ፤ ከሁለት ሱቅ፣ በደረሰኝ።

ሞተረኛው
ገመድ በሜትር ሳይሆን በኪሎ ነው የሚሸጡት። መዝኜ አመጣለሁ።